ምዕራፍ ሰባት፦ የቆመ መኪና የሚጋርደው

የትራፊክ አደጋ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የሚከንፈውን መኪና ነው፤ ጠጥቶ የሚነዳውን ሾፌር፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰውን የጭነት መኪና፣ ተሳፋሪ ለመቅደም የሚሽቀዳደመውን ሚኒባስ። ሊታሰቡም ይገባል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ግን ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊታይ የሚገባው አራቱን ፍሬቻ አብርቶ የቆመው መኪና ነው። የቆመ መኪና ማንንም ስለማይገጭ ማንም አይከሰውም። አደጋ ደርሶ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሲያነሣ ትኩረቱ የገጨው መኪና ላይ ነው፤ ልጁን ከሾፌሩ ዓይን የጋረደው መኪና ግን አምቡላንስ ሳይደርስ ቦታውን ለቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ነገር አንድ ነው። ከትምህርት ቤት በር ፊት ያለችውን ጥቂት ሜትር መንገድ ከቆመ መኪና ነጻ ካላደረግን፣ ልጅ ብንመክር፣ ሾፌር ብንቀጣ፣ የፍጥነት መቀነሻ ብንደረድር የሥራው ዋና ክፍል ሳይሠራ ይቀራል።

የጉዳዩ ክብደት አያከራክርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ ገልጿል። አምስት ዓመት ማለት ልጅ ደብተር ይዞ በየቀኑ መንገድ መውጣት የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው፤ በከተማዋ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በአጭሩ፣ መኪና የሌለው ሰው በመኪና የሚሞትባት ከተማ ናት።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ በር እንቅረብ። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ቁመቱ 1.15 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ከዚያ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በከተሞቻችን በብዛት የምናየው አነስተኛ የቤት አውቶሞቢል ጣሪያው ከመሬት ወደ 1.45 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አዋቂ ሰው ከአውቶሞቢሉ ጎን ቆሞ በጣሪያው ላይ አሻግሮ መንገዱን ያያል፤ ስለዚህ መኪናው አንዳች ነገር የጋረደ አይመስለውም። ልጁ ከዚያው ቦታ ላይ የሚያየው በር፣ መስታወትና ጎማ ነው። የሚመጣውን መኪና ለማየት ከቆመው መኪና የውጭ ጠርዝ አልፎ አንገቱን ማስገግ አለበት። የአውቶሞቢሉ ስፋት 1.7 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ልጁ ዓይኑ መንገዱን ባየበት ቅጽበት ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ ወደ ሁለት ሜትር ያህል አስፋልት ውስጥ ገብቷል። ዞር ብሎ አይቶ ልሻገር ወይስ ልቁም ብሎ የሚወስንበት ቦታ፣ ሊገጭ የሚችልበት ቦታም ሆነ ማለት ነው። የቆመው መኪና ሚኒባስ ወይም ረዥም የቤት መኪና ከሆነ ደግሞ ልጁን በእጁ የያዘው አባትም አብሮ ይታወራል። በመንገዱ የሚመጣው ሾፌርም በበኩሉ ከዚያ መኪና ኋላ ልጅ ስለመኖሩ አንድም ምልክት የለውም።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል፤ የሚረሳው ነገር ቁጥሩ ውስጥ ነው ያለው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 የሚሄደው ደግሞ ስምንት ሜትር ያህል። ንቁ የሆነ ሾፌር አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ በ30 ይሄድ የነበረው መኪና ከዚያ በኋላ አምስት ሜትር ያህል ተጎትቶ፣ በጠቅላላው 13 ሜትር ላይ ይቆማል። በ50 ይሄድ የነበረው ግን 13ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ገና አልተነካም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የዓለም አገሮች ሚኒስትሮች፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን በመግለጫቸው አሰፈሩ። ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ 13 ሜትር የሚቆጠረው ሾፌሩ ልጁን ካየበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ልጁ ከቆሙ ሁለት መኪናዎች መካከል ስምንት ሜትር ፊት ለፊቱ ብቅ ካለበት፣ በ30 የሚነዳው ጨዋ ሾፌር ፍሬን ሳይረግጥ ልጁ ላይ ይደርሳል። በስምንት ሜትር ውስጥ ለመቆም ፍጥነቱ 20 አካባቢ መሆን ነበረበት፤ መንገዱ በዝናብ ከራሰ ደግሞ ከዚያም በታች። ሕግ አክባሪው ሾፌር ሳይቀር ነፍስ የሚያጠፋበትን ሁኔታ የፈጠረው የቆመው መኪና ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻውን የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ክርክር «ልጆቹን እናስተምራቸው» የሚል ነው። ግራና ቀኝ አይተህ ተሻገር ማለት ጥሩ ምክር ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ስዊድናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስቲና ሳንደልስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልጆች መንገድ ላይ የሚያደርጉትን ለዓመታት አጥንታ የደረሰችበት መደምደሚያ ከዚህ ምክር በላይ ሊደመጥ ይገባል። ትንንሽ ልጆችን በትምህርትና በልምምድ ከዘመናዊ ትራፊክ ጋር ማስማማት አይቻልም፤ መስማማት ያለበት ትራፊኩ ነው የሚል ነው። ልጅ ድምፅ ከየት በኩል እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል፣ በጎን የሚመጣውን ቶሎ አይገነዘብም፣ የተማረውን ደንብ በቃሉ እየወጣም ኳስ ወይም ጓደኛ ሲያይ ይዘነጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ አገር የሚገኘው የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የመጣው መኪና በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲፈጥን እየቀረባቸው መሆኑን በትክክል ላይለዩ ይችላሉ። ይህ የእይታ እድገት ጉዳይ እንጂ የሥነ ሥርዓት ጉድለት አይደለም። ልጁ አይቶም ላያይ ይችላል። በዚህ ላይ የሚያይበትን ቦታ በመኪና ስንዘጋበት፣ አእምሮው ያልደረሰበትን ሥራ ከመጠየቅ አልፈን መሥሪያውንም ነሣነው።

በከተሞቻችን በርካታ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ «ቁም» የሚል ምልክት ይዘው ጓደኞቻቸውን የሚያሻግሩ ተማሪ ትራፊኮች አሉ። ልጆቹን አደንቃቸዋለሁ። የተሰማሩበት ሁኔታ ግን ያሳዝናል። የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ደርበው በቆሙ መኪናዎች መካከል አስፋልት መሐል ቆሞ የአዋቂዎችን ጥፋት በሰውነቱ እንዲያርም ማድረግ፣ ለልጁ ኃላፊነት ማስተማሪያ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ተማሪ ትራፊክ ይኑር፤ ነገር ግን መንገዱ በሚታይበት ቦታ፣ በአዋቂ አጠገብ ይቁም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ በአዲስ አበባ ወይም በማንኛውም የክልል ከተማ የሚታየው ነገር እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ የተሠራ ግቢ ተከራይተው ወይም ገዝተው የተከፈቱ ስለሆኑ፣ በራቸው በቀጥታ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ይከፈታል፤ መኪና ገብቶ ልጅ የሚያወርድበት ቦታ የላቸውም። የመጀመሪያው ወላጅ በሩ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ከኋላው፣ ሦስተኛው ከፊቱ፣ አራተኛው ቦታ ሲያጣ ሁለት ጎማውን እግረኛ መንገዱ ላይ ሰቅሎ። የሰርቪሱ ሚኒባስ ይመጣና ከነሱ ጎን ደርቦ ይቆማል፤ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ ይወርዳሉ፤ ከመንገዱ ማዶ መሄድ ያለበት በሚኒባሱ አፍንጫ ሥር ያልፋል። በዚያው ሰዓት የጨረሰ ወላጅ ወደ ኋላ መልሶ ለመውጣት ይታገላል፤ በኋላ መስታወቱ የሚያየው የልጅ ቦርሳ የሚደርስበትን ከፍታ አይደለም። በእግራቸው የመጡት ልጆች ደግሞ በግንቡና በተሰቀለው መኪና መካከል የቀረችው ክፍተት ስለማታሳልፋቸው፣ ወይም ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ስላለ፣ አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ። በእግረኛ መንገድና በእግረኛ ማቋረጫ ላይ መኪና ማቆም በአገራችን የትራፊክ ደንብ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ረገድ ከሕጉ በኩል የጎደለ ነገር የለም።

ይህ ሥዕል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ኢፍትሐዊነት አለ። በመኪና የመጣው ልጅ በሩ ላይ ስለወረደ መንገድ መሻገር አያስፈልገውም። የመኪናው ጥቅም ለእሱ ነው፤ ግርዶሹ የሚወድቀው ግን ታናሽ እህቷን በእጇ ይዛ ከሩቅ ሰፈር በእግሯ በመጣችው ልጅ ላይ ነው። የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ሲገኙ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ወላጁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። ልጁን የሚወድ፣ ለደኅንነቱ የሚሳሳ ሰው ነው፤ የሚሳሳውም ለአንድ ልጅ ስለሆነ የሌላው ልጅ ከእይታው ይወጣል። እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ ለማዳን የሚወስደው እርምጃ ተደምሮ የሁሉንም ልጆች መንገድ አደገኛ ያደርገዋል።

የቆመ መኪና ልጅ የመጋረዱን ነገር በሕግ ያወቁት አገሮች አሉ። በዋሺንግተን ዙሪያ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን በየቀኑ ያዩታል። ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆሞ ቀይ መብራቱን ሲያበራና የ«ቁም» ምልክቱን ሲዘረጋ፣ ከኋላ የሚመጣው መኪና ቀርቶ፣ በመካከል አካፋይ በሌለበት መንገድ ከፊት ለፊት የሚመጣውም መቆም ግዴታው ነው። ያልቆመ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። የሕጉ መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ከቆመ ትልቅ መኪና ኋላ ልጅ እንዳለ መገመት አለበት። በእኛ አገር ሰርቪስ ሲቆም ከኋላው ያለው ሾፌር ጥሩምባ ይነፋል፤ ሲመቸውም በግራ ቀድሞ ያልፋል።

«አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩት» የሚለው መልስ በብዛት ይሰማል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የሚቆጠረው የእያንዳንዱ መኪና ደቂቃ አይደለም። መቶ ወላጅ አንድ አንድ ደቂቃ ቢቆም፣ ልጆች በሚጎርፉበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሩ ፊት ያለው ቦታ ለአፍታም ባዶ አይሆንም። ከበድ ያለው ክርክር ሌላ ነው፤ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ሥራ መግቢያ ሰዓት ደርሷል፣ ልጅን ብቻውን መልቀቅ ያስፈራል። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ታክሲ ለመያዝ ረዥም ሰልፍ በሚጠበቅበት ከተማ መኪና ያለው ወላጅ ልጁን በመኪና ማምጣቱ አይነቀፍም። የሚጠየቀው መኪናውን ቤት እንዲተው አይደለም። ከበሩ መቶ ሜትር ርቆ አቁሞ፣ የልጁን እጅ ይዞ እንዲሄድ ነው። መቶ ሜትር በልጅ እርምጃ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ በሩ ላይ ለመጠጋትና ከዚያ ለመውጣት የሚጠፋው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ፍርሃት ላለው ወላጅም ልጁን በእጁ ይዞ በሩ ድረስ ከማድረስ የተሻለ ዋስትና የለም። አካል ጉዳት ላለበት ልጅ በሩ አጠገብ የተለየ መውረጃ ሊኖር ይገባል፤ ቦታው ከሌሎች ሲጸዳ ነው ለእሱም የሚተርፈው።

ሌላው ክርክር «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ያለው ዳሬ ሰላም ውስጥ ነው። አሜንድ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያደረገው ነገር አንዳች የረቀቀ ቴክኖሎጂ የለበትም። ልጆቹ በየት በኩል እንደሚመጡና የት እንደሚጎዱ በየትምህርት ቤቱ አጠና፤ ከዚያ የእግረኛ መንገድ ሠራ፣ ጉብታ አስገባ፣ ማቋረጫ ቀባ፣ መኪና እንዳይገባ ምሰሶ ተከለ፣ አንዳንድ ቦታ የትምህርት ቤቱን በር ከዋናው መንገድ ወደ ጓሮ አዞረ። በዚህ ሥራ ላይ የተደረገው ጥናት በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ገደማ መቀነሱን አሳየ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ሀብቶች ኢንስቲትዩት ለከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። የበሩ መዞር ነገር በተለይ ያስገርመኛል። የሚፈጀው ጥቂት ቆርቆሮና የግንበኛ ዋጋ ነው፤ ልጆቹ የሚወጡት ግን መኪና ወደማይቆምበት መንገድ ይሆናል።

በለንደን በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ፊት ያለው መንገድ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ለመኪና ይዘጋል፤ የሚዘጋው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለአጭር ጊዜ ነው፤ የመንገዱ ነዋሪዎች ፈቃድ ይዘው ያልፋሉ። «ችግሩ ወደ ጎረቤት መንገድ ይዛወራል» የሚለውን ስጋት የኤድንብራ ናፒየር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ቀደምት ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮት፣ የተዛወረው ትራፊክ የመንገድ ደኅንነትን የሚጎዳ ሆኖ አላገኘውም። በኦስሎ በርካታ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ወላጅ መኪና ይዞ እንዳይገባበት የተከለለ ቀጠና አለ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ ሳይሞትባት ዓመቱን ጨርሳለች። ይህ በቀጠናው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ፍጥነት ተቀንሷል፣ የመኪና ማቆሚያም ከመንገድ ዳር በብዛት ተነሥቷል። ሆላንዶችም መንገዶቻቸው ዛሬ የሚደነቁት እንዲያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከ400 በላይ ልጆች በመንገድ አደጋ ሞተውባቸው፣ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ያሉ ወላጆች አደባባይ ወጥተው ነው መንግሥት አቅጣጫውን እንዲቀይር የገፉት።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል። አብዛኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ግን ያለው ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ፣ ማንም ባላሰበበት የሰፈር መንገድ ላይ ነው፤ ሥራው ወደዚያ መውረድ አለበት። በየበሩ ትራፊክ ፖሊስ ማቆም እንደማይቻል አውቃለሁ፤ አያስፈልግምም። ከበሩና ከማቋረጫው ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሜትር መለካት፣ ቢጫ ቀለም መቀባት፣ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ የብረት ወይም የኮንክሪት ምሰሶ መትከል ይበቃል። ምሰሶ ጉቦ አይቀበልም፣ እረፍት አይወጣም፣ ባለሥልጣንንም ከተራ ሰው አይለይም። የሱቅ ባለቤቶች ደንበኛ ይቀርብናል ብለው ይሰጉ ይሆናል፤ ነገር ግን በእነዚህ ሰዓታት ሱቅ በር ላይ የሚቆመው መኪና በአብዛኛው ልጅ አውርዶ የሚሄድ እንጂ ዕቃ የሚገዛ አይደለም። አዲስ ትምህርት ቤት ፈቃድ ሲጠይቅ የመማሪያ ክፍሉ ስፋትና የመጸዳጃው ቁጥር እንደሚታይ ሁሉ፣ ልጅ የሚወርድበት ቦታና የበሩ አቀማመጥም ሊታይ ይገባል።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከበሩ ርቃችሁ አቁሙና ልጃችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አድርሱ። ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባላት ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዛችሁ፣ ሃያውን ሜትር ራሳችሁ ለክታችሁ፣ ምሰሶው እንዲተከል ለወረዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ እስኪመጣ በሩ ላይ የሚቆም አንድ ጥበቃ መድቡ፤ ሥራው መኪና ማስተናገድ ሳይሆን ቦታውን ባዶ ማድረግ ይሁን።